የማትስተዋ ቤልጅግ ወረቀት ላይ ስትፈተን

ሰፈራችን ውስጥ የማትስት ጠመንጃ አለች ይባላል። የእኛ ናት። አባቴ ሲያርፉ ለእኔ ደረሰች። ፈቃዱን በስሜ ለማዛወር የፈጀው ጊዜ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ እሱን ዛሬ አላነሳም። እዚህ የምጽፈው በ2006 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ ሐምሌ ድረስ ኢላማ ላይ እየተኮስኩ ስፈትናት በደብተር የያዝኩትን ነው። አገሩ ጸጥ ያለ ነበር። እኔም ሥራ ፈትቼ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጮቄ በሚያስኬደው በኩል፣ እናቴ ቤት ነበርኩ።

ጎጃም ውስጥ ታሪክ የሌለው ጠመንጃ የለም። ግማሾቹ ከበላይ ዘለቀ ጋር ዘምተዋል ይባላል። የተባለው ሁሉ እውነት ቢሆን ጣልያን አምስት ዓመት ቀርቶ አምስት ቀን ባልሰነበተ ነበር። የእኛይቱ እንዲህ ያለ ታሪክ የላትም። ያላት አንድ ዝና ነው፦ «እንቁላል አትስትም።» ማን እንቁላል አስቀምጦ እንዳየ ግን የሚያውቅ አላገኘሁም።

ስለ ራሷ ትንሽ ልበል። ቤልጅግ የምንላት አገሯ ቤልጅግ ስለሆነ ነው። የፈረንሳዮቹን ጠመንጃዎች ደግሞ ለበንና ውጅግራ ብለናቸዋል። የተሠራችው ኤርስታል በሚባለው ከተማ፣ በኤፍ ኤን ፋብሪካ ነው። ዓይነቷ ማውዘር የሚባለው የጀርመን ንድፍ ነው። ከማይጨው በፊት ለኢትዮጵያ ከተገዙት አንዷ ናት፤ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾባታል። ጥይቷ 7.92 በ57 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካዝናዋ አምስት ይጎርሳል። ዛሬ ለአደን ተብለው ከሚሸጡት ባለ ቃታ ጠመንጃዎች (ቃታ የምለው ለማጉረስ በእጅ የሚከፈተውንና የሚዘጋውን ብረት ነው፤ የሚሳበው ምላጭ ነው) ብዙዎቹ አሠራራቸው ከዚሁ ከ1898ቱ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ማውዘር የተወለደ ነው። ስለዚህ የእሷ ጠባይ የሌሎቹንም ይነግራል ብዬ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የቀደድኩት።

የመተኮሻ ሜዳ የለንም። ያለን ገደል ነው። ጎርፍ የቆረጠው ሸለቆ አለ፤ ከጀርባው ከሁለት ሰው ቁመት በላይ አፈር ይቆማል። ይህ አፈር ባይኖር አልሞክረውም ነበር፤ የዚህች ጥይት አረር፣ ማለትም ተወንጭፎ የሚወጣው ጫፏ፣ ሽቅብ ከሄደ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የሚወድቀው። ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኩሱ ዘመዶቼ ይህን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። በሃምሳ ሜትር መለኪያ ሁለት ጊዜ ለክቼ መቶ ሜትር አወጣሁ። የካርቶን ክዳን ላይ በስኒ ማስቀመጫ ዙሪያ ክብ ሳልኩና በከሰል አጠቆርኩት። ሁለት ማዳበሪያ የወንዝ አሸዋ ሞላሁ፤ አፈሙዙ ሥር ሳይሆን እንጨቱ ሥር የሚገባ። ኢላማዬ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት ጥይት ተኮስኩ። ሄጄ ሳይ ሦስቱ ቀዳዳዎች ተሰብስበዋል። ከዳር ዳር ለካሁት፤ 5.5 ሴንቲ ሜትር። ልቤ አበጠ። አጎቴ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበሉና ለሚያልፈው ሁሉ ማሳየት ጀመሩ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ እኔም «እንቁላል አትስትም» ከሚሉት አንዱ ነበርኩ።

አላቆምኩም። ሌላ ሦስት ደገምኩ፤ ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር መጣ። አራት ጨመርኩ። አስሩን አንድ ላይ ስለካቸው 17 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ያው ጠመንጃ፣ ያው ሰው፣ ያው ጠዋት።

ነገሩ አስማት የለውም። ሦስት ጥይት ብቻ ሲተኮስ ሦስቱም በአጋጣሚ ሊቀራረቡ ይችላሉ። ጥይት በተጨመረ ቁጥር አንዱ ወጣ ማለቱ አይቀርም። በስሌት ሲታይ የአስር ጥይት ስፋት ከሦስት ጥይት ስፋት በአማካይ ከአንድ ተኩል እጥፍ ትንሽ ይበልጣል። የአምስቱ ደግሞ ከሦስቱ በሩብ ያህል ይሰፋል። ፈረንጆቹ ይህን ስፋት የሚለኩት በ«ደቂቃ» ነው፤ የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ማለት ነው፤ መቶ ሜትር ላይ 2.9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንዳንድ ፋብሪካ «ጠመንጃዬ አንድ ደቂቃ ይመታል» ብሎ ሲምል ብዙ ጊዜ በሦስት ጥይት ነው የሚምለው። በሦስት ከሆነማ የእኛም አሮጊት በመጀመሪያው ቀን ሁለት ደቂቃ አልሞላችም።

ቀጥሎ ጥይቶቹን አየሁ። አባቴ የተዉልኝ ዝናር ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። የቀለሁን ቂጥ ገልብጬ ምልክቱን ሳነብ አራት ዓይነት ፋብሪካና ዓመት ተቀላቅሏል። አረሩም ባሩዱም ይለያያል። ለዚህ ጥይት ቀላሉ አረር 10 ግራም ያህል ነው፤ ከባዱ 12.8 ይደርሳል። ቀላሉ ይፈጥናል፣ ከባዱ ይዘገያል፤ አንድ ቦታ አይመቱም። ለየኋቸውና ታኅሣሥ ላይ ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ተኮስኩ። አንዱ 12፣ አንዱ 16 ሴንቲ ሜትር። ተናደድኩ። የጥይቷ ዋጋ እኮ ያኔ ከዶሮ ዋጋ ጋር ይወዳደር ነበር፤ በእያንዳንዱ ተኩስ አንድ ዶሮ እየበረረ የሄደ ነው የሚመስለኝ።

አጎቴ ማዳበሪያዬን እያዩ ዝም ብለው ነበር የሰነበቱት። አንድ ቀን «እስቲ ዛሬ እኔ ላጉርስልህ» አሉ። ቃታውን ከፍተው ያጎርሳሉ፣ ይዘጋሉ፣ ያቀብሉኛል። ሦስት ጊዜ ተኮስኩ። አራተኛው ላይ ምላጩን ስስብ «ቀጭ» አለ፤ ድምፅ የለም። አፈሙዙ ግን ውኃ እንዳየ በሬ ወደ መሬት ደፋ አለ። ዓይኔም ተጨፍኗል።

«ምነው ሸዋ! ጥይት ሳይኖር ማንን ፈርተህ ነው?»

ለካ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ነው ያጎረሱኝ። ስድስት ጊዜ ምላጭ ስቤ ሁለቱ ባዶ ነበሩ። በሁለቱም ደነገጥኩ። ለወራት ጠመንጃዋን ስከስስ የነበርኩት እኔው ነበርኩ። የቤልጅግ ሰደፍ ጫፉ ብረት ነው፤ ትረግጣለች። ትከሻዬ ተምሮ ገና ሳልስብ ይሸሻል።

«አንቱስ ቢተኩሱ?» አልኳቸው፤ እልህም ይዞኛል።

አሸዋውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ፣ ማንገቻውን ክንዳቸው ላይ ጠመጠሙ። አምስት ተኮሱ። በእያንዳንዱ መሃል ረጅም ትንፋሽ። 11 ሴንቲ ሜትር። እኔ ማዳበሪያ ተደግፌ ያላገኘሁት። ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ የቅርብ ጽሑፍ ማንበብ ካቆሙ ቆይተዋል።

ከዚያ በኋላ ባዶ ቀለህ የየቀኑ ሥራዬ ሆነ። ጥይት አያስወጣ፣ ጎረቤት አይረብሽ። የካቲት ሲገባ አፈሙዙ መደፋቱን ተወ። ሰደፉንም አጥብቄ ትከሻዬ ውስጥ መትከል ለመድኩ፤ ብብት አጠገብ ሳይሆን ሥጋው ላይ። ጋቢ አጥፎ ጣል ማድረግም አያሳፍርም።

መጋቢት ላይ ዋናውን ፈተና አደረግሁ። አንድ ዓይነት አስር ጥይት፣ በየሦስቱ እያረፍኩ፣ ብረቱ እጅ እስኪያስነካ ድረስ እየጠበቅሁ። ብረት ሲግል ይለጠጣል፤ እንጨቱን ሲገፋ ጥይቱ ይሸሻል። ውጤቱ 10.5 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ በእነሱ ቋንቋ 3.6 ደቂቃ። ለሰማንያ ዓመት የጦር ጠመንጃ የሚያኮራ ነው። አዲስ ተራ የአደን ጠመንጃ በጥሩ ጥይት የዚህን ግማሽ ቢያመጣ አይገርመኝም።

ከሁሉ በላይ የተማርኩበት ግን ሌላ ሙከራ ነው። አምስት ጠዋት፣ በየቀኑ አንድ ጥይት ብቻ፣ በዚያው ወረቀት ላይ። ዱር የወጣ ሰው ሁለተኛ ዕድል የለውም፤ የሚቆጠረው የቀዘቀዘ ጠመንጃ የመጀመሪያ ተኩስ ነው። ሦስቱን ቀን አፈሙዙን በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ ተኮስኩ፤ ክቡ ውስጥ ገቡ። ሁለቱን ቀን ዘይቱን ሳልጠርግ ተኮስኩ፤ ሁለቱም ወጡ። ዘይት የጠጣ አፈሙዝ የመጀመሪያዋን ጥይት ወደፈለገው ይወስዳታል።

ስለ ዘይት ከተነሳ፣ አባቴ ቃታውን የሚያለሰልሱት በኑግ ነበር። ኑግ ለወጥ እንጂ ለብረት አይሆንም። ሲሰነብት እንደ ሙጫ ይደርቃል። ቃታው እንደ አሮጌ በር የሚንቋረረው ለዚህ ነበር። በጋዝ አጥቤ ቀጭን የማሽን ዘይት ስቀባው ዝም አለ። ሌላው ጉዳይ አሮጌው ጥይት ነው። የድሮ የጦር ጥይት መቀጣጠያው ሲነድ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፣ ብረት ይበላል። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ ውኃ ነው የሚያሟሟው። ስለዚህ በተኮስኩ ማታ ቃታውን አውጥቼ በአፈሙዙ ውስጥ የፈላ ውኃ አፈስሳለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ከዚያ ዘይት። እናቴ የቡናዋን ውኃ ጠመንጃ ሲጠጣው አይታ ያለችውን አልጽፍም።

ሐምሌ ሌላ ጉድ አመጣ። ጮቄ ሥር ክረምት ማለት ሦስት ወር ጉም ማለት ነው። አምስት ተኮስኩ፤ ቀዳዳዎቹ እንደ በፊቱ ተሰብስበዋል፣ ግን ሁሉም ወደ ግራና ወደ ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ሸሽተዋል። ማነጣጠሪያውን ማንም አልነካውም። በበጋ በብረቱና በእንጨቱ መሃል ወረቀት ይንሸራተት ነበር፤ አሁን አልገባም አለ። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ አብጧል፣ ብረቱን ይጫናል። ለመፋቅ አሰብኩና ተውኩት፤ በበጋ መልሶ ይከሳል። ደብተሬ ላይ «ክረምት፦ ወደ ቀኝ ዝቅ አድርገህ ያዝ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ትሆናለች? አደን ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ እኔም አዳኝ አይደለሁም። የእሷ ሥራ የድንችና የገብስ ማሳ ላይ ዝንጀሮ ማስደንገጥ ነው። ለዚያ ድምፅዋ ይበቃል። ግን መካከለኛ አውሬ የሚያድን ሰው ቢጠይቀኝ ሒሳቡ ቀላል ነው። ልብና ሳንባው ያለበት ቦታ 15 ሴንቲ ሜትር ክብ ነው ብንል፣ እሷ በ10.5 መቶ ሜትር ላይ ትገባለች። መቶ ሃምሳ ላይ ስፋቱ ከ15 ያልፋል። ይህ አሸዋ ተደግፎ ነው። ተቀምጬ፣ ልቤ እየመታ ከሆነ ከሰማንያ ሜትር በላይ አልሞክርም። ማነጣጠሪያዋ ግን እስከ 2000 ተቆጥሮበታል! ያን የጻፈው ሰው ጭፍራ ሙሉ ጦር አንድ ላይ ሲተኩስ አስቦ መሆን አለበት።

49 ጥይት ፈጀሁ። የመጨረሻው ቀን ቡና እየጠጣን ለአጎቴ ቁጥሩን አነበብኩላቸው። «እና አባቴ እንዴት ነው ስተው የማያውቁት?» አልኳቸው።

ከበሩ ባሻገር ያለችውን ኮሶ በአገጫቸው ጠቆሙኝ። አርባ እርምጃ ቢሆን ነው።

«ከዚያች ዛፍ አልፎ የቆመ ነገር ላይ ሲተኩሱ አይቼ አላውቅም» አሉ። «ካልቀረበ ይተዉታል። እኛ ስንቸኩል እሳቸው ቁጭ ብለው ጥሬ ይቆረጥማሉ።»

ከዚያ ወረቀቶቹን አገላበጡና አንዱን ለራሳቸው ወሰዱ። ዛሬም ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰክቶ አለ። አስር ቀዳዳ ያለው ግን አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ሦስቱ ናቸው፣ 5.5 ሴንቲ ሜትር።