ብሮኬድ ጂ610 የስቶሬጅ ስዊች፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ ከኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የማምረቻ ድርጅት የሰርቨር ክፍል ውስጥ ሁለት ብሮኬድ ጂ610 ስዊቾችን ተክለን መጠቀም ከጀመርን ወራት አልፈዋል። ስዊቹ ሰርቨሮችን በፋይበር ቻናል (ለዲስክ መረጃ በተለየ ፈጣን ኔትወርክ) ከጋራ ስቶሬጅ፣ ማለትም ሁሉም ከሚጋሩት የዲስክ ማከማቻ፣ ጋር ያገናኛል። 24 ፖርቶች ቢኖሩትም በመነሻ ላይሰንሱ የሚሠሩት 8ቱ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ስንት ፖርት እንደተከፈተና የፋይበር ሞጁሎቹ (በፖርቱ ውስጥ ገብተው ገመዱ የሚሰካባቸው ክፍሎች) አብረው ይመጡ እንደሆነ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ያለ ሞጁል የመጣ ስዊች ከራክ ጌጥነት አያልፍም።

ሁለት የገዛነው ለቅንጦት አይደለም። ጂ610 የማይነቀል አንድ ፓወር ሰፕላይ ብቻ ስላለው፣ እርሱ ሲበላሽ ስዊቹ በሙሉ ይቆማል። በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ ሰርቨር ከሁለቱም ስዊቾች ጋር እንዲገናኝ፣ ስዊቾቹ ግን እርስ በርስ እንዳይያያዙና በተለያየ ዩፒኤስ እንዲሠሩ አድርገናል፤ በአንዱ ላይ የተፈጠረ የዞኒንግ (የትኛው ሰርቨር የትኛውን ስቶሬጅ እንደሚያይ የመወሰን) ስህተትም ወደ ሌላው አይሻገርም።

የመጀመሪያው ዝግጅት በኮንሶል ገመድ፣ በ9600 ፍጥነት ይከናወናል። የዛሬ ላፕቶፖች የሲሪያል መሰኪያ ስለሌላቸው የዩኤስቢ መቀየሪያ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይበጃል። ስዊቹ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣውን 10.77.77.77 አድራሻ በራስ አድራሻ መተካት፣ የይለፍ ቃሉን መለወጥና ሰዓቱን ከሰዓት ሰርቨር ጋር ማስተካከል ብዙ ጊዜ አይወስድም። ሰዓቱን ግን ማንም እንዳይንቀው እመክራለሁ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የስዊቹ፣ የስቶሬጁና የሰርቨሩ መዝገቦች ካልተናበቡ የችግሩን መነሻ ማግኘት አድካሚ ነው።

ዞኒንጉን የሠራነው በፖርት ቁጥር ሳይሆን በመሣሪያዎቹ መለያ ቁጥር ሲሆን፣ በአንድ ዞን ውስጥ አንድ ሰርቨርን ከስቶሬጁ ጋር ብቻ አስገብተናል። ገመድ ከአንድ ፖርት ወደ ሌላ ቢዛወር ዞኑ እንዳለ ይሠራል። አዲስ ጀማሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባው፣ ቅንብሩን ማስቀመጥና ሥራ ላይ ማዋል ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች መሆናቸውን ነው፤ የተቀመጠው ዞን ካልነቃ ሰርቨሩ ዲስኩን አያየውም።

በእኛ ዘንድ ከሁሉም በላይ ያከራከረው የአነሳሱ ቅደም ተከተል ነበር። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ሲጠፋ ዩፒኤሱ ይደክማል፤ ሲመለስም ሁሉም መሣሪያ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ስዊቹ ራሱን ፈትሾ ለሥራ እስኪዘጋጅ ደቂቃዎች ይወስዳል፣ ስቶሬጁ ደግሞ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል፤ ሰርቨሩ ቀድሞ ከተነሣ ግን ዲስኩን ያጣና ዳታቤዙ ሳይከፈት ይቀራል። አሁን ሰርቨሮቹ በራሳቸው እንዳይነሡ አድርገናል፤ መጀመሪያ ስዊቾቹ፣ ቀጥሎ ስቶሬጁ፣ በመጨረሻም ፖርቶቹ መገናኘታቸው በስዊቹ ላይ ከታየ በኋላ ሰርቨሮቹ ይበራሉ። ይህ ሥርዓት ከተያዘ ወዲህ ስዊቹ ራሱ ያስጨነቀን ጊዜ የለም።

ደሴ ላለው ቢሮ የሚላከውን የመጠባበቂያ ቅጂ በዚሁ ስዊች ለማሳለፍ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በ32 ጊጋቢት ፍጥነት በኦኤም4 (ለአጭር ርቀት በሚያገለግል የፋይበር ዓይነት) ገመድ የሚደረሰው ርቀት 100 ሜትር፣ በተለመደው የረጅም ርቀት ሞጁል ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ የደሴ መንገድ ከዚህ እጥፍ በላይ ስለሚረዝም ቅጂው በመደበኛው ኔትወርክ ይሄዳል።

ሁለት ሰርቨር ብቻ ያለውና በቅርቡ የመስፋፋት እቅድ የሌለው ድርጅት፣ ስቶሬጁ በቂ ፖርት ካለው፣ ያለ ስዊች በቀጥታ ቢያገናኝ ይሻለዋል እላለሁ።