ሲሼልስን በጀልባ፦ ብሔራዊ አካባቢ ስላለው የጉዞ ወኪል

ሲሼልስን በጀልባ መዞር የምታስቡ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። እኛን ያስተናገደን ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ፎቅ ላይ ያለ ትንሽ የጉዞ ወኪል ነው። ሌላ ቦታ ስንጠይቅ መጀመሪያ የሚሉን "ስንት ብር ይዛችኋል" ነው፣ እዚህ ያለችው ልጅ ግን መጀመሪያ የጠየቀችን መቼ እንደምንሄድ ነው፣ ሐምሌ ስንላት አይሆንም አለችን በግልጽ፣ ምክንያቱም ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምስራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ባህሩን ያናውጠዋል፣ እማዬ ደግሞ አብራን ስለነበረች ሲያስመልሳት ልትከርም ነው ማለት ነው። ሚያዝያ ወይ ጥቅምት ላይ ነፋሱ አቅጣጫ ስለሚቀይር ውሃው ይረጋል አለችን። ዝም ብላ የሐምሌውን ልትሸጥልን ትችል ነበር እኮ! ለዚህ ብቻ አምስት ኮከብ ሰጥቻታለሁ።

ሚያዝያ መጀመሪያ ሄድን። ከቦሌ ዋናው ደሴት ማሄ በቀጥታ አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ ቪዛ የለም ግን የመግቢያ ፈቃድ ቀድሞ በኦንላይን ይሞላል፣ የቢጫ ወባ ካርድም እንዳትረሱ።

ጀልባውን፣ ካታማራን የሚሉትን ባለ ሁለት ቀፎ፣ ለብቻችን ነው የተከራየነው ከነካፒቴኑ ከነሼፉ። ሁዳዴ ስለነበር በጣም የፈራሁት ምግቡን ነበር፣ ምክንያቱም እዛ አሳ የሌለበት ገበታ የለም፣ እማዬ ደግሞ በጾም አሳ አትነካም። ልጅቷ ግን ስጋ፣ አሳ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ የለም ብላ አንድ በአንድ ጽፋ ልካላቸው ኖሮ ሼፉ ምስር፣ የዱባ ቻትኒ፣ ደግሞ ላዶብ የሚሉትን ሙዝ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሲያቀርብላት እማዬ ድጋሚ አምጣ አለችው።

ፕራስሊን ደሴት ቫሌ ደ ሜ ጫካ ውስጥ ኮኮ ደ ሜር የሚሉትን ዘንባባ አየን፣ ዘሩ በዓለም ትልቁ ነው፣ አንዱ እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል፣ ያለፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ላ ዲግ ደሴት ላይ ሳይክል ተከራይተን ዞርን። እኔን ያስደሰተኝ ግን ኪዩሪየዝ ደሴት ነው፣ ትልልቆቹ ኤሊዎች እንደልባቸው ይዞራሉ፣ እማዬ የአንዱን አንገት ስታክለት እንደ ጥጃ ዘረጋላት።

አልዳብራ የሚባለውን ሩቅ ደሴት ማየት ለምትፈልጉ፣ የኪዩሪየዝ ኤሊዎች የመጡት ከዛ ነው ግን ከማሄ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ በዚህ ፓኬጅ አይታሰብም። ሲሼልስ 115 ደሴት አላት፣ በአንድ ጉዞ ሁሉን አያለሁ ብላችሁ አትሂዱ።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር እንደ ቫሌ ደ ሜና ኪዩሪየዝ ያሉት ፓርኮች መግቢያ የጉዞው ዋጋ ውስጥ አለመካተቱ ነው፣ ይሄንን የሰማነው ማሄ ከደረስን በኋላ ነው፣ ለቤተሰብ ሲደመር ደግሞ ቀላል ብር አይደለም። ስንመለስ ስነግራት ይቅርታ ጠይቃ ከአሁን በኋላ ደረሰኙ ላይ ለብቻው እጽፋለሁ ብላኛለች። እናንተ ግን ስትሄዱ የመግቢያውን ጠይቁ፣ የጀልባው ነዳጅ መካተት አለመካተቱንም ከመፈረማችሁ በፊት አረጋግጡ።