ቼክ ኢንጂን አልጠፋ ሲል፦ ከርካሿ የኦቢዲ ማንበቢያ ጋር የከረምኩባቸው ወራት

መጀመሪያ ፍርዴን ልናገር። ይቺ የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ ስልክ ላይ የምታሳይ የብሉቱዝ ማንበቢያ (ኦቢዲ የሚባለው ሶኬት ላይ የምትሰካው) ገንዘቧን አስመልሳለች። ግን ሰው በሚገዛት ምክንያት አይደለም። ብዙው ሰው የሚገዛት "ይሄ ዕቃ ሞቷል፣ ቀይረው" እንድትለው ነው። እሱን አትልም።

መኪናዬ ከአውሮፓ የገባች፣ የ2006 ስሪት፣ የቤንዚን ናት። ቼክ ኢንጂን የምትባለው ቢጫዋ የሞተር ብልሽት መብራት ክሩስኮቱ ላይ በርታ ከረመች። ጋራዥ ስወስዳት የባትሪ ገመድ ይፈታል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ሂሳብ እከፍላለሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ቦግ። አንዱ "ቤንዚኑ ነው" አለኝ። ሌላው "የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ ነው" አለ። ሦስተኛው ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ኦክስጅን ሴንሰር ግዛ ብሎ ሶማሌ ተራ ሊሰደኝ ነበር። ኢኤልኤም 327 የምትባለዋን ይቺን ማንበቢያ የገዛሁት ያኔ ነው።

አጠቃቀሟ ቀላል ነው። ከመሪው ስር ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት አለ፣ እዚያ ትሰካለች፤ ስልክ ላይ እንደ ቶርክ ወይም ካር ስካነር ያለ አፕ ይጫናል፣ በቃ። የኔዋ ያወጣችው ኮድ ፒ0171 ነበር፤ ድብልቁ አየር በዝቶበታል፣ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ማን እንዳጠፋ ግን ኮዱ አይናገርም። የቆሸሸ የአየር መለኪያም፣ የደከመ የቤንዚን ፖምፓም፣ የተሰነጠቀ ቱቦም ይቺኑ ኮድ ያወጣሉ።

ዋናው ጥቅሟ ሞተሩ እየሠራ በምታሳየው ቁጥር ላይ ነው፤ በተለይ ፊውል ትሪም የሚባለው። ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ላይ ስንት በመቶ ቤንዚን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ይነግራል። ጤነኛ ሞተር ላይ ከዜሮ ብዙም አይርቅም፣ እስከ 10 ቢደርስ አያስደነግጥም። የኔዋ በሚኒሞ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ ቆማ ስትሠራ፣ ከ20 በላይ ትጨምር ነበር። ቤንዚን ሰጥቼ 2500 ዙር ላይ ስይዛት ግን ወደ 5 ወረደ። ነገሩ የተገለጠልኝ እዚህ ጋ ነው። ፖምፓው ደክሞ ቢሆን ኖሮ ሲረገጥ ነበር የሚብስበት። በሚኒሞ ብሶ ሲረገጥ የሚሻለው፣ አየር ከመለኪያው በኋላ በስንጥቅ ሾልኮ ሲገባ ነው፤ ሞተሩ ብዙ አየር መሳብ ሲጀምር የስንጥቋ ድርሻ ከቁጥር አይገባም።

የስሱን አየር ነገርም አየሁት። ቁልፍ ከፍቼ፣ ሞተር ሳላስነሳ፣ ባሮሜትሪክ የሚለውን፣ የውጭውን የአየር ግፊት፣ ብመለከት 77 ኪሎፓስካል ይላል። ባሕር ጠረፍ ላይ ቢሆን 101 አካባቢ ይል ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከፍታ ላይ መሆኑን ያውቃል፣ ቤንዚኑንም የሚመጥነው የሚገባውን አየር ለክቶ ነው። የከፍታው ወሬ እዚያው ቀረ።

ስልኬን ይዤ ሰፈር ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ጋ ሄድኩ። "ጋሼ፣ የሆነ ቦታ አየር እያስገባች ነው፤ ቱቦዎቹን ይዩልኝ" አልኳቸው። ብዙም አልተከራከሩኝም። ሞተሩን አስነስተው ቱቦዎቹን በየተራ በፒንሳ ጭምቅ እያደረጉ "አሁንስ ልጄ? አሁንስ?" ይሉኛል፣ እኔ ቁጥሩን እጠራለሁ። ከሞተሩ የዘይት ጭስ ይዛ ወደ አየር ማስገቢያው የምትሄደው አጭሯ ቱቦ ጋ ሲደርሱ ቁጥሩ ቁልቁል ተንደረደረ፣ የሞተሩም ድምፅ ተለወጠ። ቱቦዋ ስትፈታ ከመታጠፊያዋ ስር ተሰንጥቃለች፤ ከላይ ለሚያያት ደህና ናት። እሷ ብቻ ተቀየረች። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ረግቷል፣ መብራቷም አልተመለሰችም።

አሁን ወደ ሐሜቱ። ብሉቱዙ አንዳንዴ መሀል ላይ ይጠፋል፣ ነቅሎ መሰካት ነው። የኤቢኤስ (የፍሬን) እና የኤርባግ ብልሽት አታነብም። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩ የቆዩ ቪትዞች ላይ አልገናኝም ልትል ትችላለች፣ ሳትገዙ መኪናችሁ ላይ ሞክሯት። ገበያ ላይ ያለው በአብዛኛው ኮፒ ነው፤ የመጀመሪያውን ቺፕ የሠራው የካናዳ ድርጅት 1.5 የሚባል ስሪት ጭራሽ አውጥቶ አያውቅም፣ ሱቁ ግን በ1.5 ተሞልቷል። ደግሞ ሰክታችሁ አትደሩ፤ ሶኬቱ መኪናው ጠፍቶም ከባትሪ ኃይል ያገኛል፣ ለቀናት የቆመ መኪና ላይ ባትሪ ትጨርሳለች።

መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ማንበቢያ ፍለጋ አትሂዱ። ያ ሞተሩ እሳት እየሳተ ነው ማለት ነው፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱን፣ ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ማጣሪያ፣ ይበላዋል። ዳር ይዛችሁ አቁሙ።

አሁን በብዛት የምጠቀምባት ዘመድ ያገለገለ መኪና ሲገዛ ነው። ሬዲነስ የሚል ገጽ አለ፤ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎች ጨርሶ እንደሆነ ያሳያል። ኮድ ሲጠፋ ወይም ባትሪ ሲፈታ ፍተሻው እንደ አዲስ ይጀምራል። ደላላው "ምንም መብራት የላት፣ ንጹህ ናት" እያለ ፍተሻዎቹ "አልተጠናቀቀም" ካሉ፣ አንድ ሰው በቅርቡ ነካክቷታል። ባትሪ ቀይረንላት ነው ካሉም ይሁን፣ ጥቂት ቀን ትነዳና ተመልሳ ትታያለች።