«ጃምቦ ፍሬት ነው» ተብላችሁ ጊታር ልትገዙ ከሆነ

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት ያላችሁና ያገለገለ ሊድ ጊታር የምታፈላልጉ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይህቺን አንብቡ። ሰሞኑን «ጃምቦ ፍሬት ነው፣ ጣት አያሳምምም፣ ለጀማሪ የተሠራ ነው» የሚባል ወሬ አለ። በዚህ ወሬ ዋጋ ይጨመራል። የእህቴ ልጅ ለፍሬቱ ብቻ ተብሎ ሦስት ሺህ ብር ጨምሮ ገዝቷል። ጊታሩን አየሁት። ፍሬቱ ድሮ ጃምቦ ነበር፤ አሁን ግን አይደለም።

ፍሬት ማለት አንገቱ ላይ በተርታ የተተከለው ብረት ነው። ወርድ አለው፣ ከፍታ አለው። የድሮው ትንሹ ዓይነት ወርዱ 2 ሚሊሜትር፣ ከፍታው 1.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጃምቦ የሚባለው ወርዱ 2.8፣ ከፍታው 1.4 አካባቢ ይደርሳል። ጣታችሁ በደንብ የሚያውቀው ግን ከፍታውን ነው። ፍሬቱ ከፍ ሲል ጣት እንጨቱ ላይ ሳይደርስ ክሩ ብረቱ ላይ ያርፋል። ትንሽ መጫን ይበቃል። ትዝታ ስትጫወቱ ክሩን ገፋ አድርጋችሁ ድምፁን ማለስለስም ይቀላል። ፍሬቱ ዝቅ ካለ ጣት እንጨቱን ይፈገፍጋል፣ ክሩ ከጣት ሥር ያመልጣል። ያኔ ሰው ሳያውቀው አጥብቆ ይጫናል።

ከፍ ያለውም ቢሆን ጣጣ አለው። አጥብቃችሁ ከተጫናችሁ ክሩ ከብረቱ ኋላ ወደ እንጨቱ ይጎብጣል፣ ይወጠራል፣ ድምፁም ከቅኝቱ ሽቅብ ይወጣል። በደንብ የተቃኘ ጊታር ኮርድ ሲያዝበት ያልተቃኘ ይመስላል። እጁ የሚከብደው ደግሞ ጀማሪ ነው። «ለጀማሪ የተሠራ» የሚሉትን ነገር ከየት እንዳመጡት እንጃ።

ወደ ማጭበርበሩ ልግባ። ክር ከጊዜ ብዛት ፍሬቱን ይቦረቡረዋል፤ በተለይ ከላይ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን። ጥገናው ይታወቃል። ሁሉም በሞረድ እኩል ይደረጋል፣ ከዚያ የእያንዳንዱ አናት ተመልሶ ክብ ይደረጋል። ለእህቴ ልጅ የሸጡለት ሰዎች የመጀመሪያውን ሠርተው ሁለተኛውን ትተውታል። ሞርደው፣ አብረቅርቀው ሸጡት። ወርዱ ስላልተነካ ከላይ ሲያዩት ጃምቦ ነው። ከጎን ሲያዩት ከእንጨቱ እምብዛም አይነሳም። መብራት ሥር ስናየው ሁለተኛው ፍሬት አናቱ ላይ ሰፊ ዝርግ ብልጭታ ነበረው። በደንብ የተሠራ ፍሬት ላይ ብርሃኑ ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ቀጭኗ ክር እዚያ ላይ ዝዝዝ ትላለች። ሻጩ ሲጠየቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እጁ ገና ስላልለመደ ነው።»

ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ሲም ካርድ ስትገዙ የሚተርፈው ፕላስቲክ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ነው። ከሱ በክሮቹ መሃል የምትገባ ቀጭን ቁራጭ ቁረጡና ፍሬቱን አስጠግታችሁ እንጨቱ ላይ አስተኟት። የፍሬቱ አናት ከፕላስቲኳ ጋር እኩል ከሆነ ያ ፍሬት አልቋል። እውነተኛ ጃምቦ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። 1ኛውን፣ 2ኛውንና 3ኛውን ለኩ፤ ቶሎ የሚበሉት እነሱ ናቸው።

ሌላው ደግሞ፣ ጣት የሚያሳምመው ብዙ ጊዜ ፍሬቱ ሳይሆን የክሩ ከፍታና ውፍረት ነው። ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ 1ኛው ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። ወረቀት ያህል ብቻ መሆን አለበት። ከዚያ በጣም ከበለጠ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ቁራጭ አልተስተካከለችም ማለት ነው። ይህ በትንሽ ወጪ ይስተካከላል። ፍሬት በሙሉ ነቅሎ መቀየር ግን ባለሙያ የሚፈልግ ውድ ሥራ ነው። ለኛ ቅርቡ አዲስ አበባ ነው፣ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር። ስትከራከሩ ይህን ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

በአንገቱ ጠርዝ ላይ እጃችሁን አንሸራትታችሁ የፍሬት ጫፍ ቢቧጭራችሁ ግን አትደንግጡ። በውርጭ ወራት አየራችን ይደርቃል፣ እንጨቱ ይሰበሰባል፣ ብረቱ አይሰበሰብም። በሞረድ የሚጠፋ ነገር ነው።

ደረሰኝ ጠይቁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። «ጃምቦ ፍሬት» የምትለዋንም እዚያው ላይ አስጽፉ፤ እኛ በእጃችን ምንም ወረቀት ስለሌለ ሰውዬው ክዶናል። እንደዚሁ ያሉ ሌሎች ጊታሮች እንዳሉት ራሱ ነግሮናል፣ ገና አልሸጣቸውም።