ትንሽ ካሜራ ስትገዙ፦ ባለ ረጅም ዙሟ ወይስ ባለ ትልቅ ሴንሰሯ?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ አያት ወይም ቡራዩ ለሚኖር ሰው የካሜራ ሥራ አይጠፋም። የልጅ ልደት አለ፣ ክርስትና አለ፣ የሰፈር ጥምቀት አለ። ቤት የሚሠራ ሰውም ከመሠረቱ ጀምሮ ቆርቆሮው እስኪመታ ድረስ እያነሳ ማስቀመጥ ይፈልጋል። ስልኩ አልበቃ ሲል "አንድ ትንሽ ካሜራ ልግዛ" ይባላል። ሱቅ ሲገባ ግን ሻጩ የሚደጋግመው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ ሜጋፒክስልና ዙም። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ተመርቶ የገዛ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ሲያነሳ ያዝናል።

ስለዚህ ሁለት ካሜራዎችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ላወዳድር። ሁለቱም የካኖን ናቸው። አንዷ ፓወርሾት ኤስኤክስ740 ናት፤ በፈረንጆች 2018 የወጣች። ሌላዋ ፓወርሾት ጂ7ኤክስ ማርክ 2 ናት፤ በ2016 የወጣች። እነዚህን የመረጥኩት ከውጭ ሲያዩዋቸው ብዙም ስለማይለያዩ ነው። አንዷ 299 ግራም፣ ሌላዋ 319 ግራም ትመዝናለች። ሁለቱም 20 ሜጋፒክስል ናቸው። ባትሪያቸው እንኳ አንድ ዓይነት ነው። የሁለቱም ስክሪን ወደ ላይ ስለሚገለበጥ ራስን ለማንሳት ይመቻል። ልዩነቱ ያለው ከውስጥ ነው። ሌላ ስም ያላት ካሜራ ብታገኙም ከሁለቱ ወደ አንዷ ወገን መግባቷ አይቀርም። ለምሳሌ የሶኒ አርኤክስ100 ከጂ7ኤክስ ጎን ትመደባለች።

ማታ፣ ሳሎን ውስጥ

ሴንሰር የሚባለው ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ነው። የኤስኤክስ740 ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የጂ7ኤክስ ግን 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው። ጎኖቻቸውን አባዝታችሁ ስፋታቸውን ብታወዳድሩ አራት እጥፍ ይለያያሉ። ዝናብ ሲዘንብ ሳፋ ያወጣና ስኒ ያወጣ ሰው እኩል ውሃ አያገኝም፤ ብርሃንም እንደዚያው ነው። ሜጋፒክስሉ እኩል የሆነው ትንሹ ሴንሰር ላይ ነጥቦቹ ተጨናንቀው ስለተደረደሩ ነው።

ሌንሱ ደግሞ ልዩነቱን ያሰፋዋል። የጂ7ኤክስ ሌንስ ሰፊውን እይታ ሲያነሳ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። የኤስኤክስ740 እስከ ኤፍ 3.3 ብቻ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። በዚህ ልዩነት ብቻ ጂ7ኤክስ ከሦስት እጥፍ በላይ ብርሃን ታስገባለች። የሴንሰሩና የሌንሱ ልዩነት ሲባዛ ከአሥር እጥፍ ያልፋል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። መሽቷል፤ ሳሎኑ ውስጥ አንድ አምፖል በርቷል። እናት ጥበብ ያለው ቀሚስ ለብሰው ቡና እያፈሉ ነው። በሁለቱም ካሜራ በአንድ ስድሳኛ ሰከንድ፣ ያለ ፍላሽ ይነሳ። ኤስኤክስ740 አይኤስኦውን (ካሜራዋ ለብርሃን ያላትን ስሜት የሚያሳየውን ቁጥር) 3200 ላይ ስታወጣ ጂ7ኤክስ 1000 ገደማ ይበቃታል። በስክሪኑ ላይ ሁለቱም ደህና ይመስላሉ። ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ የቀሚሱን ጥለት ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ነገሩ ይለያል። በኤስኤክስ740 ቀይና አረንጓዴው ክር አንዱ ከሌላው ተቀላቅሎ፣ በውሃ ቀለም የተቀባ ይመስላል። ካሜራዋ አይኤስኦው ከፍ ሲል የሚመጣውን ነጠብጣብ ለማጥፋት ስትል የጨርቁን ዝርዝር አብራ ስለምታጠፋው ነው። በጂ7ኤክስ የጥልፉ መስመር አይጠፋም። የእናት ፊት ላይ ያለው መሸብሸብም እንዳለ ይቀመጣል። ለእኔ የቤተሰብ ፎቶ ዋጋው እሱ ነው።

"ፍላሽ አለ አይደል?" የሚል አይጠፋም። አለ። ግን የትንሽ ካሜራ ፍላሽ ፊት ለፊት ስለሚመታ ፊትን ያነጣል፣ ከኋላ ያለውን ያጨልማል። ጉልበቱም ከጥቂት ሜትር አያልፍም። ትልቅ ድንኳን ውስጥ ከተነሳ ከፊት የተቀመጡት ብቻ ይታያሉ።

ቀን፣ ሜዳ ላይ

ፀሐይ ስትወጣ ኤስኤክስ740 ልትናቅ አይገባም። ዙሟ 40 ጊዜ ነው፤ ከ24 እስከ 960 ሚሊሜትር ትደርሳለች፤ ቁጥሩ ሲያድግ ሩቅ ያለው ይቀርባል። ጂ7ኤክስ 100 ሚሊሜትር ላይ ታቆማለች። ይህ የትየለሌ ልዩነት ነው። ጥር 10 ከተራ ላይ ታቦቱን ከሕዝቡ ኋላ ሆናችሁ ስትጠብቁ፣ የጥላውን ዘርፍና የካህናቱን ፊት ካላችሁበት ሳትነቃነቁ ታመጣላችሁ። የትምህርት ቤት መዝጊያ በዓል ላይ ልጃችሁ መድረክ ሲወጣ ከኋላ ወንበር ላይ ሆናችሁ ፊቱን ትይዛላችሁ። ቡራዩ አጠገብ ያለው ገፈርሳ ወርዶ ወፍ ማንሳት የሚወድ ሰው ደግሞ በጂ7ኤክስ አይሞክረው፤ ወፏ ነጥብ ሆና ትቀራለች።

ረጅሙ ዙም ግን የራሱ ጣጣ አለው። ጫፍ ላይ ሲደርስ ሌንሱ ኤፍ 6.9 ብቻ ነው የሚከፈተው። ከቀኑ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ፎቶው መደብዘዝ ይጀምራል። እጅ ትንሽ ከተነቃነቀ ምስሉ ይበላሻል፤ ክርንን ግድግዳ ወይም አጥር ላይ ማስደገፍ ይረዳል። እኩለ ቀን ላይ ከመሬት የሚነሳው ሙቀትም ሩቅ ያለውን ነገር ያርገበግበዋል። እሱን የትኛውም ካሜራ አያስተካክለውም።

አቧራውን አትርሱት

በከተማው ጠርዝ ለምንኖር ሰዎች ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነገር ነው፤ የሚያነሳው ሻጭ ግን የለም። የትንንሽ ካሜራዎች ሌንስ ሲከፈት ከውስጥ ይወጣል፣ ሲዘጋ ይገባል። ሲወጣ አየር ይስባል። አስፋልትም ኮብልስቶንም ያልደረሰበት መንገድ ላይ ባጃጅ ካለፈ በኋላ ካሜራ ከከፈታችሁ ከአየሩ ጋር አቧራውም ይገባል። ውሎ አድሮ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ሰማይ ባነሳችሁ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ግራጫ ጠብታ ይታያል።

ሌንሷ ስለማይወልቅ በራሳችሁ ልታጸዱት አትችሉም። ካሜራዋ መፈታት አለባት። ደቃቅ አሸዋ በሌንሱ ቱቦዎች መካከል ከገባ ደግሞ ሌንሱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ስክሪኑ ላይ "ሌንስ ኤረር" የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የጥገናው ዋጋ ከካሜራዋ ጋር አይመጣጠንም። ረጅም ዙም ያላት ካሜራ ሌንሷ ብዙ ርቀት ስለሚወጣ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠች ናት። ጂ7ኤክስም ብትሆን ነፃ አይደለችም። ሁለቱም ከአቧራም ከዝናብም የሚከላከል ሽፋን የላቸውም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ልማድ ይፈልጋል። ካሜራዋን ዚፕ ባለው ቦርሳ ያዙ፤ ኪስ ውስጥ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር አትክተቷት። አቧራ ሲነሳ አትክፈቷት። ከመዝጋታችሁ በፊት በሌንሱ ዙሪያ ያለውን አቧራ በጎማ መንፊያ አንፉት። በአፍ አይነፋ፤ ምራቅ ይገባበታል።

መብራትና ቪዲዮ

ሁለቱም በፋብሪካው መለኪያ በአንድ ባትሪ 265 ፎቶ ገደማ ያነሳሉ። ለአንድ ክርስትና ይበቃል፤ ለሰርግ አይበቃም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ሁለተኛ ባትሪ ቅንጦት አይደለም። የጂ7ኤክስ ባትሪ ካሜራዋ ውስጥ እንዳለ በዩኤስቢ ገመድ መሞላት ይችላል። የትኛዋንም ብትገዙ ዋናው ቻርጀር አብሮ መኖሩን አረጋግጡ።

በቪዲዮ ኤስኤክስ740 ፎርኬ ትቀርጻለች። ጂ7ኤክስ ማርክ 2 ፉል ኤችዲ ላይ ታቆማለች። ሆኖም ለቲክቶክና ለዩቲዩብ የምታስቡ ከሆነ ሌላ ነገር ልብ በሉ፤ ሁለቱም የማይክ መሰኪያ የላቸውም። የነፋሱ ድምፅ ከንግግሩ ይጎላል። መሰኪያውንም ፎርኬውንም የጨመረችው በፈረንጆች 2019 የወጣችው ጂ7ኤክስ ማርክ 3 ናት። ማይክ ዋና ጉዳያችሁ ከሆነ ወደሷ ሂዱ። አንድ ማስተካከያም አለ። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሜኑው ውስጥ ያለው የቪዲዮ ሲስተም ፓል ላይ መሆን አለበት። ኤንቲኤስሲ ላይ ከተተወ ቤት ውስጥ የምትቀርጹት ቪዲዮ በረጅም አምፖል ብርሃን ሊርገበገብ ይችላል።

ስልኩ አይበቃም?

ለብዙ ሰው ይበቃል። ፎቶው ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ ጥሩ ስልክ ካላችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። የዛሬ ስልኮች ማታ ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስተው አንድ ላይ ያዋህዳሉ፤ ለቆመ ነገር ግሩም ነው። የሚሮጥ ልጅ ላይ ግን ይምታታባቸዋል፤ እጁ ጥላ ይሆናል። ብዙዎቹ ስልኮች ዙም ሲደረጉ ደግሞ ምስሉን ቆርጠው ነው የሚያሰፉት። ትንሽ ካሜራ ከስልክ የምትበልጠው በእነዚህ በሁለቱ ቦታዎች ነው፤ ባለ ትልቅ ሴንሰሯ በማታው፣ ባለ ዙሟ በርቀቱ። እንደ ሶኒ ደብሊው800 ያሉት ርካሽ ትንንሾች ሁለቱንም አይሞሉም፤ ዙማቸው አጭር፣ ሴንሰራቸውም ትንሽ ነው። ለአሮጌ ፎቶ መልካቸው ብላችሁ ካልሆነ በቀር አልመክርም።

ያገለገለ ትልቅ ካሜራስ?

በተመሳሳይ ገንዘብ ያገለገለ ካኖን 600ዲ ልትገዙ ትችሉ ይሆናል። "ትልቅ ካሜራ መቼም ከትንሿ ይሻላል" የሚባለውን ግን በደንብ መመርመር ያስፈልጋል። የ600ዲ ሴንሰር ከጂ7ኤክስ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አብሮት የሚሸጠው 18-55 ሌንስ ግን ሰፊ እይታው ላይ ከኤፍ 3.5 አይከፈትም። የጂ7ኤክስን ሩብ ያህል ብርሃን ነው የሚያስገባው። ተደምሮ ሲታይ ያ ሳሎን ውስጥ ሁለቱ እኩል ይወጣሉ፤ እንዲያውም ትንሿ በመጠኑ ትቀድማለች።

600ዲ የሚያሸንፈው ተጨማሪ ስታወጡበት ነው። 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ስትጨምሩለት ጂ7ኤክስ አትደርስበትም። ከላይ ፍላሽ ይሰካበታል፤ ወደ ጣሪያ አዙራችሁ ለስላሳ ብርሃን ታገኛላችሁ። የማይክ መሰኪያ አለው። አቧራ ሴንሰሩ ላይ ቢያርፍ ሌንሱን አውልቃችሁ በመንፊያ ታነፉታላችሁ። ስለዚህ እየተከፈላችሁ ልደትና ሰርግ ለማንሳት ካሰባችሁ ይህን ግዙ። የእናንተ ፍላጎት ቤተሰብ ከሆነ ግን ከግማሽ ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር ቁምሳጥን ውስጥ ይቀራል። ታክሲ ተጋፍቶ ቦሌ ድረስ የሚሄድ ሰው ይዞት አይወጣም።

የእኔ ምርጫ ጂ7ኤክስ ናት። ምክንያቱም አብዛኛው የቤተሰብ ፎቶ የሚነሳው ሰው ከሥራ ከተመለሰ በኋላ፣ በአምፖል ብርሃን፣ በሁለትና ሦስት ሜትር ርቀት ነው። ኤስኤክስ740ን የምመክረው ቀን ቀን ከሩቅ ለሚያነሳ ሰው ነው፤ ለወፍ፣ ለመድረክ፣ ለሜዳ ኳስ።

ከመክፈላችሁ በፊት

ዋጋ እዚህ ላይ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ የሚወሰን በመሆኑ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም። በአንድ ቀን ሦስት አራት ሻጭ ጠይቁ፤ በቴሌግራም የሚሸጡትንም ጨምሩ።

ያገለገለ ከሆነ እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ሳትሞክሩ አትክፈሉ። ካሜራዋን ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ፤ ሌንሱ ሲወጣ የሚፋጭ ድምፅ ካሰማ ተመለሱ። ዙሙን ጫፍ ድረስ ወስዳችሁ መልሱ። ጂ7ኤክስን ኤፍ 11 ላይ አድርጋችሁ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሱና አስፍታችሁ እዩ፤ አቧራ ካለ እዚያ ይታያል። ባትሪውን አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፤ ካበጠ ይንቀዋለላል። ሶኒ ከሆነች ሜኑዋን ክፈቱ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት የጃፓን ቋንቋ ብቻ ነው ያላቸው፤ ወደ እንግሊዝኛ አይቀየሩም። ሚሞሪውን ደግሞ ከታመነ ሰው ግዙ። 128 ጊጋ ተብሎ የተጻፈበት ውስጡ ከዚያ ሊያንስ ይችላል፤ ቤት እንደገባችሁ ቪዲዮ እየገለበጣችሁ እስከ አፉ ሙሉት፣ ከዚያ የመጨረሻው ፋይል በትክክል መከፈቱን እዩ።