አሲዱ ሳይረጋ የተገጠመልኝ ባትሪ፣ ከስምንት ወር በኋላ

የሞተር ብስክሌቴን ባትሪ የገዛሁት ጅማ መርካቶ ካለ ሱቅ ነው። 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት፣ አሲዱ አንዴ ከተሞላ በኋላ ውሃ የማይጨመርበት ድፍን ዓይነት። ሦስት ወር ያህል ትዝም አላለኝ።

በአራተኛው ወር፣ ዝናቡ በጠናበት ሰሞን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ማስነሻውን ብጫን ቀጭ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። ሰቃ ሰው ይጠብቀኛል። በእግሬ ረግጬ አስነሳሁት። በማግስቱም ያው።

ሱቁ ስመለስ ሻጩ ሳያየው ፈረደ፤ "ወንድሜ፣ ችግሩ የሞተርህ ነው፣ አይሞላም።" ይሞላል! በቴስተር ለክቼ ነው የሄድኩት። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ስሰጠው 14.2 ቮልት ያነባል። 13 ላይ ቢቀር ወይም 15 ቢያልፍ ኖሮ እኔው ራሴ ሬጉሌተሩን፣ ማለትም የቻርጁን ቮልት የሚቆጣጠረውን ዕቃ፣ እጠረጥር ነበር። ማታ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትቼ አሳደርኩት፣ ጠዋት 12.1። መብራት ወይም ክላክስ በልቶት ነው እንዳይባል ገመዱ ተፈቷል። ደህና ባትሪ አድሮ ከ12.6 አይወርድም።

ጥፋቱ የተሠራው የገዛሁ ቀን ነው። ሻጩ የባትሪውን ስድስት ቀዳዳ የሸፈነውን ልባጭ ላጠው፣ አሲዱን ገለበጠበት። ውስጡ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ክዳኑን በመዳፉ ደፈቀና ገጠመው። ጎኑን ስነካው ይሞቃል። "አዲስ ስለሆነ ነው" አለኝ፣ አመንኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

አሲድ የገባበት ባትሪ መጀመሪያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ከዚያ በቀስታ ቻርጅ ይደረጋል፤ ለ7 አምፔር ሰዓት 0.7 አምፔር ይበቃዋል። "መንገድ ላይ ይሞላል" የሚለው ወሬ እዚሁ ጅማ ውስጥ ከሕርማታ ፈረንጅ አራዳ እየተመላለሰ ቆም ነሳ ለሚል ሰው አይሆንም። ሳይሞላ የሚከርም ባትሪ የእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ይጋገርበታል፤ ከጠነከረ በኋላ አይለቅም።

አሁን እሁድ እሁድ ፈትቼ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ጫፎቹን ጠርጌ ቫዝሊን እቀባለሁ። 12.4 ይደርሳል፣ ከዚያ አያልፍም። ፀሐይ ካለ ያስነሳል፣ ዝናብ ካደረ እግሬን ይፈልጋል።

ባትሪውን በመግዛቴ ተጸጽቻለሁ፣ ከዚያ ሱቅም ሁለተኛ አልገዛም። ቀጣዩን ስገዛ አሲዱን እንደታሸገ ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ጓንት አጥልቄ ራሴ እሞላዋለሁ፣ ሌሊቱን ቻርጅ ላይ ያድራል፣ ጠዋት ለክቼ እገጥመዋለሁ።