የኪስ ኢሲጂዋ ያዘችልኝ፣ ማንበቡን ግን ለሐኪም ተወችው

ልቤ ድንገት ሽምጥ መጋለብ ከጀመረ ሁለት ዓመት አለፈው። እያለከለክኩ ክሊኒክ ስደርስ ደግሞ ቀጥ ይላል፣ ልክ የሐኪም በር ሲያይ እንደሚጠፋ የጥርስ ሕመም። ነርሷ ሽቦውን ሁሉ ትለጥፍብኛለች፣ ወረቀቱ ይወጣል፣ «ምንም የለብሽም» እባላለሁ። አንዱ ጭንቀት ነው አለኝ፣ ሌላው ቡና ቀንሺ፣ እናቴ ደግሞ ጠበል።

እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ይቺን የኪስ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ ምት በመስመር የምትስል መሣሪያ፣ ይዛልኝ መጣች። የማስቲካ ፓኬት ታክላለች። የሁለቱን እጅ ጣቶች አሳርፋችሁ 30 ሰከንድ ዝም ስትሉ ስልካችሁ ላይ መስመሩ ይሳላል። ሦስት ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ያለ ሥራ ተቀመጠች። ከዚያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ጀመረኝ፣ ግድግዳ ተደግፌ ለካሁ። አፑ የነገረኝ «ፈጣን ምት» ብቻ። እሱንማ ያለ እሷም አውቀዋለሁ!

ዋጋዋ የገባኝ ሐኪሙ ጋ ነው። መስመሩን አስፍቶ ካሬ መቁጠር ጀመረ። ከአንዱ ምት ሹል ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ አንድ ተኩል ትልቅ ካሬ፤ በደቂቃ 300 ትልልቅ ካሬ ስለሚያልፍ፣ 300 ሲካፈል ለ1.5፣ በደቂቃ 200 ምት። ርቀቱ ሁሉም ጋ እኩል ነው፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የላይኛው የልብ ክፍል ያለ ሥርዓት ሲርገበገብ) ቢሆን ይዘበራረቅ ነበር። ፍላተር (የላይኛው ክፍል በጣም ፈጥኖ ግን በሥርዓት ሲመታ) ላይ የሚታየው የመጋዝ ጥርስ የመሰለ መስመርም የለም፣ የእሱ ምት ደግሞ ብዙ ጊዜ 150 አካባቢ ነው። ጫፎቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ከሦስት ትንንሽ ካሬ ማለትም ከ0.12 ሰከንድ በታች። «ሰፋፊ ቢሆኑ ከታችኛው የልብ ክፍል ነው ብዬ ነበር የምጠረጥረው፣ ያ ቀልድ አያውቅም» አለኝ። ከጫፉ በፊት የምትታየው ትንሿ ጉብታ፣ ፒ የሚሏት፣ የለችም። በዚያ ላይ ምቱ እንደኛ ሰፈር መብራት ድንገት መጥቶ ድንገት ነው የሚሄደው፤ የጭንቀት ወይም የትኩሳት ቢሆን ቀስ እያለ ወጥቶ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ኤስቪቲ፣ ማለትም ከታችኛው የልብ ክፍል በላይ የሚነሳ ፈጣን ምት፣ ይመስላል አለ። ሁለት ዓመት «ጭንቀት» ሲባል የከረመው!

ጉድለት አላት። ልብን የምታየው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ የክሊኒኩ ከ12። እዚህ የተደበቀች ፒ እዚያ ልትወጣ ትችላለች፣ እዚህ ቀጭን የመሰለውም እዚያ ሰፊ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው ሐኪሙ ባለ 12ቱን ልቤ በተረጋጋ ሰዓት እንደገና ያሠራኝ፤ ደብልዩፒደብልዩ የሚባለው ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ ካለ ሊታይ ይችላል ብሎ። (የድሮዎቹ ወረቀቶቼ የት እንደገቡ እንጃ።) ደግሞ ደረታችሁን ከወጋችሁ ወይም ራሳችሁን ልትስቱ ከሆነ መለካቱን ትታችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

ከ5 4 ሰጥቻታለሁ። አንዱን የቀነስኩት እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ መስመሩ የዶሮ ጭረት ስለሚሆን ነው። እናቴ አሁን ቡና ላይ ጎረቤቱን ሁሉ ትለካለች፤ ሁሉም ደህና ወጡ፣ 30 ሰከንዱን ሙሉ ስትስቅ ከነበረችው በቀር። እሷን «ማንበብ አልተቻለም» አላት።